ፕሮክሲ ሰርቨር፦ በመካከል የቆመው ወኪል ለማን ይሠራል?

በማናቸውም ኅብረተሰብ ውስጥ የመገናኛ መሣሪያዎች ጥያቄ ከይዞታ ጥያቄ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። መንገዱ የማን ነው? ኬላውን የሚጠብቀው ማን ነው? በሚያልፈው ጭነት ላይ ቀረጥ የሚጥለውስ? በሲራራ ነጋዴዎች ዘመን የተነሡት እነዚህ ጥያቄዎች በቴሌግራፍና በስልክ ዘመንም ተነሥተዋል፤ በኢንተርኔት ዘመንም ይዘታቸውን ሳይለቁ እንደገና ይነሣሉ። ልዩነቱ የዛሬው ኬላ በዓይን የማይታይ፣ ጠባቂውም ስሙን የማይናገር መሆኑ ነው።

የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገራችን ተገድበው እገዳው እስከ ሐምሌ ወር በዘለቀ ጊዜ፣ እስከዚያ ድረስ ከኮምፒዩተር ባለሙያዎች አፍ ብዙም የማይወጡ የነበሩት «ፕሮክሲ» እና «ቪፒኤን» የሚሉት ቃላት በየሠፈሩ፣ በየፋብሪካው በርና በየታክሲው ሰልፍ የዕለት መነጋገሪያ ሆኑ። አንዱ ከሌላው እየተቀበለ በስልኩ ላይ ጫነ። የጫነው ነገር የማን እንደሆነ፣ በምን ገቢ እንደሚተዳደር፣ ለምንስ በነፃ እንደተሰጠው የጠየቀ ጥቂት ነበር። እገዳው ከተነሣ በኋላም መተግበሪያው ዛሬ ድረስ በስልኩ ላይ እንደተጫነ የቀረበት ሰው ጥቂት አይደለም። ውል ሳያነቡ መፈረም የሠርቶ አደሩን ጉልበትና መሬት ለባለ ገንዘብ እንዴት አሳልፎ ይሰጥ እንደነበረ ከታሪካችን የምናውቅ ሰዎች፣ ይህን ጉዳይ ለባለሙያ ብቻ ትተን ልናልፈው አይገባንም።

ፕሮክሲ ማለት በመሠረቱ ወኪል ማለት ነው። አሠራሩን ለመረዳት በቀድሞው ጊዜ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የነበረውን የስልክ ማዞሪያ ማስታወስ ይበቃል። ሠራተኛው ወደ ውጭ መደወል ሲፈልግ በቀጥታ አይደውልም፤ ለማዞሪያዋ ሠራተኛ ይነግራታል፣ እርሷም በፋብሪካው መስመር ትደውልለታለች። በዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው የሚያውቀው የፋብሪካውን ቁጥር እንጂ የሠራተኛውን አይደለም። ፕሮክሲ ሰርቨርም እንዲሁ የተጠቃሚውን ጥያቄ ይቀበላል፣ በራሱ የኢንተርኔት አድራሻ ያቀርባል፣ መልሱን ተቀብሎ ያስረክባል። ቪፒኤን የሚባለው ደግሞ የዚሁ የሰፋ ዓይነት ሲሆን፣ ከአንድ መተግበሪያ ይልቅ አብዛኛውን ጊዜ ከስልኩ የሚወጣውን መልእክት ሁሉ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ አድርጎ ወደ ወኪሉ ያደርሰዋል።

ከማዞሪያዋ ምሳሌ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ማዞሪያዋ ማን ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደተነጋገረ ታውቃለች። ሁለተኛ፣ ሥራ አስኪያጁ «ወደዚህ ቁጥር እንዳይደወል» ብሎ ካዘዛት መስመሩ ይዘጋል። ሦስተኛ፣ መስመሩ ያልተመሰጠረ ከሆነ ጆሮዋን ጣል አድርጋ መስማት ትችላለች። እንግዲህ ወኪል ሰዋሪም፣ ከልካይም፣ ሰላይም ሊሆን የሚችለው በአንዱና በዚያው ባሕርዩ ነው። መሣሪያው ያው ነው፤ የሚለየው የማን ተቀጣሪ መሆኑ ነው።

ታሪኩም ይህንኑ ያስረዳል። የዓለም አቀፉ ድር በተወለደበት፣ በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ ፕሮክሲ የቀረበው ጽሑፍ ዓላማው ሁለት ነበር። በመከላከያ አጥር ውስጥ የተቀመጡ ሠራተኞች ወደ ውጭ እንዲደርሱ ማድረግ፣ ደግሞም ብዙ ሰው የሚፈልገውን ገጽ አንድ ጊዜ አምጥቶ ቅጂውን በቅርብ ማስቀመጥ። ይህ ሁለተኛው ሥራ የኅብረት ሱቅ አሠራር ነው። የሠፈሩ ነዋሪ ሁሉ ስኳር ለመግዛት ለየብቻው ወንጂ ድረስ አይሄድም፤ ማኅበሩ አንድ ጊዜ በጅምላ ያመጣል፣ ለአባላቱ ያከፋፍላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ስኩዊድ የተባለው ፕሮግራም ይህን ሥራ ማንም ሳይከፍል እንዲጠቀምበት፣ ባለሙያውም ውስጡን ከፍቶ እንዲያሻሽለው ለሕዝብ የተሰጠ ነበር፤ ዛሬም አለ። ጠባብና ውድ የሳተላይት መስመር የነበራቸው የአፍሪካ ትምህርት ቤቶች አንድ ሰርቨር አስቀምጠው፣ መምህሩ ጠዋት የከፈተውን ገጽ አርባ ተማሪዎች ከሰዓት በኋላ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲያነቡት ያደረጉት በዚህ ነበር።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ፣ በዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ዋነኛ የሆነውና ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ቅራኔ ይነሣል።

ወኪሉ ቅጂ ሊያስቀምጥ የሚችለው ገጹን ማንበብ ሲችል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የስለላ ድርጅት በዓለም ሕዝብ መልእክት ላይ ያካሂድ የነበረው ስፋት ያለው ጠለፋ ከተጋለጠ በኋላ፣ ድረ ገጾች መልእክታቸውን ወደ ማመስጠር በገፍ ተሸጋገሩ። ይህ ያለ ጥርጥር ወደፊት የተወሰደ እርምጃ ነው፤ የታሸገ ፖስታ ከክፍት ካርድ ይሻላል። ነገር ግን ፖስታው ሲታሸግ የትምህርት ቤቱ ሰርቨር ምን እንደሚያልፍ ማየት ተሳነው፤ ስለዚህም ቅጂ ማስቀመጥ አልቻለም። አርባው ተማሪ ያንኑ ገጽ አርባ ጊዜ ከባሕር ማዶ ማምጣት ግድ ሆነበት። የኅብረት ሱቁ ተዘጋ ማለት ነው።

ታዲያ ቅጂ የማስቀመጡ ሥራ ጠፋ? አልጠፋም፤ እጅ ቀየረ። ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠሩት የድረ ገጹ ባለቤት ራሱ የማኅተሙን ቁልፍ የሰጣቸው ግዙፍ ኩባንያዎች ናቸው። እነዚህ በተጠቃሚው ሳይሆን በአቅራቢው በኩል የቆሙ ወኪሎች ናቸው፤ ባለሙያዎች የተገላቢጦሽ ፕሮክሲ ይሏቸዋል። ክላውድፍሌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ብቻውን ከዓለም ድረ ገጾች አንድ አምስተኛ ያህሉን ከኋላው አሰልፎ ይዟል። ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በዚህ ኩባንያ ውስጥ አንድ የማዋቀሪያ ፋይል ከተገመተለት መጠን በላይ በመተለቁ፣ ኤክስንና ቻትጂፒቲን ጨምሮ በርካታ አገልግሎቶች ለሰዓታት ተሰናከሉ። በዚያ ዕለት ሥራቸው የተስተጓጎለባቸው ሰዎች ከዚህ ኩባንያ ጋር ውል የላቸውም፣ አብዛኞቹ ስሙንም አያውቁም። ካፒታል በተናጠል ያለውን ሁሉ እየዋጠ በጥቂት እጆች ውስጥ እንደሚከማች የሚነገረው ነገር የመጽሐፍ ወሬ ብቻ ለሚመስለው ሰው ይህ በቂ ማስረጃ ነው። በምስጠራ ምክንያት ያገኘነውን ነፃነት መልሰን እንስጥ ማለት አይደለም፤ ነፃነቱ ሲመጣ የጋራ የነበረው ነገር በግል እንደተያዘ ልብ እንበል ነው።

አሁን ሠርቶ አደሩን በቀጥታ ወደሚነካው፣ «ነፃ» ወደሚባለው ወኪል እንመለስ። ሰርቨር መብራት ይበላል፣ መስመር ይከራያል፣ ባለሙያ ይቀጥራል። ይህን ሁሉ ወጪ ተሸክሞ ለሚሊዮኖች በነፃ የሚሰጥ ከበርቴ ከየት ይመጣል? ሒሳቡ የግድ በሌላ በር ይወራረዳል፤ እንዴት እንደሚወራረድም የታወቁ ጉዳዮች አሉ።

ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ኦናቮ የተባለውን ኩባንያ ገዛ። ኦናቮ ለሕዝብ ያቀርብ የነበረው ቪፒኤን «ጥበቃ» የሚል ስም ነበረው። በታኅሣሥ 2018 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ ምክር ቤት ይፋ ያደረጋቸው ሰነዶች እንዳሳዩት፣ ፌስቡክ ሰዎች በስልካቸው ላይ የትኛውን መተግበሪያ ምን ያህል እንደሚጠቀሙ በዚሁ «ጥበቃ» አማካይነት እየተከታተለ ተቀናቃኞቹን ይለይበት ነበር። ከእነዚህም አንዱ በ2014 እ.ኤ.አ. በ19 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው የተስማማው ዋትስአፕ ነው። ጠባቂ ተብሎ የተቀጠረው ዘበኛ የቤቱን ዕቃ ይቆጥር ነበር ማለት ነው። መተግበሪያው በነሐሴ 2018 እ.ኤ.አ. ከአፕል መደብር ወጣ።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ የባሰ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር «911 ኤስ5» የተባለ መረብ መፍረሱን አስታወቀ። ማስክ ቪፒኤንና ዲው ቪፒኤን የተባሉትን የመሳሰሉ ነፃ መተግበሪያዎችን የጫኑ ሰዎች ኮምፒዩተራቸው ሳያውቁት ራሱ ፕሮክሲ ሆኖ ነበር። ወደ 200 በሚጠጉ አገሮች ከ19 ሚሊዮን በላይ የኢንተርኔት አድራሻዎች በዚህ መረብ ተይዘው ነበር። የመረቡ ባለቤት ያን አድራሻ ለአጭበርባሪዎች እያከራየ ወደ 99 ሚሊዮን ዶላር እንዳገኘ ክሱ ይገልጻል። ወንጀሉ ሲመረመር ዱካው የሚያመራው ወደ ወንጀለኛው ሳይሆን ስለ ነገሩ ምንም ወደማያውቀው ሰው ቤት ነው። በጉልበት ብዝበዛ ዘመን ባለ ፋብሪካው ቢያንስ ደመወዝ ይከፍል ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ተበዝባዡ መብራቱን ራሱ ከፍሎ፣ ዳታውን ራሱ ገዝቶ፣ ስሙንም አስይዞ ነው የሚበዘበዘው። እንዲህ ያለው ነገር በወንጀለኞች ብቻ የተወሰነም አይደለም፤ ሆላ የተባለው ነፃ ቪፒኤን የተጠቃሚዎቹን መስመር ሉሚናቲ በሚል ስም ለሌላ እንደሚሸጥ በ2015 እ.ኤ.አ. ሲታወቅ፣ ኩባንያው በውሉ ውስጥ ጽፌዋለሁ ብሎ ነበር የተከራከረው።

ከሠራተኛው ወገን ሆኖ ለሚያይ ሰው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ጉዳይም ተለይቶ መነሣት አለበት። በዱባይና በአቡዳቢ በቤት ሠራተኝነት የምትኖር እኅታችን እናቷን በዋትስአፕ ድምፅ ልታናግር ብትሞክር ጥሪው አይሄድም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ያልተፈቀደ የኢንተርኔት ጥሪ ይዘጋሉ፤ የተፈቀደው በሁለቱ የአገሪቱ የቴሌኮም ኩባንያዎች በኩል የሚያልፈው ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ እንኳ ተመሳሳይ እገዳዋን በመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. አንሥታለች። ስለዚህ ብዙዎች ቪፒኤን ይጭናሉ። የኤምሬቶች ሕግ ግን ወንጀል ለመፈጸም ወይም ለመሰወር ሲል የኢንተርኔት አድራሻውን የሸፈነን ሰው በእሥራት፣ ወይም ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ሕጉ ቪፒኤንን በራሱ ወንጀል አያደርገውም። ሆኖም ለእናት የተደወለ ጥሪ በየትኛው ወገን እንደሚመደብ ለዚያች ሠራተኛ ማን ቁጭ ብሎ ያስረዳታል? በወር 1,000 ድርሃም የምታገኝ ሠራተኛ ዝቅተኛውን መቀጮ ለመክፈል 500 ወር፣ ማለትም ከ41 ዓመት በላይ፣ ሳትበላና ሳትለብስ መሥራት አለባት። የቴሌኮም ሞኖፖል ትርፍ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ከዚህ በላይ ግልጽ የሚያደርግ አኃዝ ለማግኘት ያዳግታል። በመሥሪያ ቤት በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው ለሚሄዱ ሠራተኞች በሚሰጠው ትምህርት ውስጥ ይህ ነጥብ በግልጽ ቢካተት ዋጋው ቀላል አይሆንም።

ኢንተርኔት የሚዘጋው ከተጠቃሚው በኩል ብቻ እንደሆነ አድርጎ ማሰብም ስሕተት ነው። ከአቅራቢው በኩልም ይዘጋል፤ ይህም የኢምፔሪያሊዝም እጅ በግልጽ የሚታይበት ቦታ ነው። በጥር 2014 እ.ኤ.አ. ኮርሴራ የተባለው የትምህርት ድርጅት በአሜሪካ የማዕቀብ ሕግ ምክንያት በኩባ፣ በኢራንና በሱዳን ለሚገኙ ተማሪዎች ትምህርቱን ዘጋ። በሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጊትሀብ፣ የዓለም ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን በጋራ የሚያስቀምጡበት ጎተራ፣ የኢራን፣ የሶርያና የክራይሚያ ተጠቃሚዎችን ገደበ። የካርቱሙ ተማሪ የሒሳብ ትምህርት ለመከታተል በሌላ አገር ባለ ወኪል በኩል መዞር ግድ ሆነበት። ስለ ኢንተርኔት ነፃነት ሌት ተቀን የሚሰብኩ ወገኖች ይህን ለመጥቀስ አንደበታቸው ሲተሳሰር እናያለን።

እውነቱ ካልተሸፋፈነ ደግሞ በራሳችን ቤት ያለውንም መናገር ይገባል። በግንቦት 2004 ዓ.ም. ቶር የተባለው፣ መልእክትን በተከታታይ ወኪሎች እያሳለፈ ላኪውን የሚሰውር መረብ በኢትዮጵያ ታግዶ ነበር፤ እገዳው አድራሻ በመዝጋት ሳይሆን የመልእክቱን ቅርጽ በመመርመር የተፈጸመ በመሆኑ በዓለም ባለሙያዎች ዘንድ ተጠቅሷል። በሰኔ 2010 ዓ.ም. 264 ድረ ገጾችና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከእገዳ ተለቀቁ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ኢንተርኔት ከሦስት ሳምንታት በላይ ተቋረጠ። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ቴክኒካዊ ልዩነት አለ። አንድ ድረ ገጽ ሲታገድ ወኪሉ በሌላ መንገድ ሊያዞር ይችላል፤ መስመሩ ራሱ ሲቋረጥ ግን ማንም ወኪል ምንም አያደርግም፤ ማዞሪያዋ ብትኖርም ሽቦው የለም። ሆስፒታሉም፣ ባንኩም፣ ልጁን በውጭ አገር ያለ አባትም እኩል ይጨልምባቸዋል።

ከፊል እገዳም ቢሆን የራሱ ዋጋ አለው። በሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. ሩሲያ ቴሌግራምን ለመዝጋት ስትል ከ15 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎችን ዘግታ ነበር፤ ቴሌግራም በተበደራቸው የአማዞንና የጉግል ሰርቨሮች ላይ የተሳፈሩ፣ በነገሩ ፈጽሞ የሌሉበት ሱቆችና አገልግሎቶች አብረው ወደቁ። ቴሌግራም ሥራውን ቀጠለ፤ እገዳውም በሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. ተነሣ። የእኛም የ2015ቱ እገዳ ሕዝቡን ከመድረኮቹ አላራቀውም፤ በአመዛኙ ያደረገው ነገር ሕዝቡን ማንነታቸው ወዳልታወቀ የውጭ ወኪሎች ክንድ መግፋት ነው። ይህን የሚጽፈው ሰው በጊዜው የተነሣው የጸጥታ ሥጋት ከንቱ ነበር አይልም። ነገር ግን ሥጋቱን ለመከላከል የተወሰደ እርምጃ የሠርቶ አደሩን ስልክ ለማይታወቅ ባዕድ ነጋዴ የሚያስረክብ ከሆነ፣ ሒሳቡ እንደገና መሠራት አለበት።

በቀበሌና በሠራተኛ ማኅበር ስብሰባ ላይ ምን ሊደረግ ይችላል? ከረጅም ንግግር ይልቅ ስልክን አውጥቶ ማየት ይጠቅማል። በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ቪፒኤን የሚለውን ክፍል ከፍቶ፣ የማያውቁት ካለ ማጥፋት። የመተግበሪያው ባለቤት ስምና አገር ካልተጻፈ አለመጫን። ማንኛውም መተግበሪያ «ሰርተፊኬት ልጫን» ብሎ ፈቃድ ቢጠይቅ እምቢ ማለት፤ ምክንያቱም ይህን የፈቀደ ሰው የታሸገውን ፖስታ ሁሉ የሚከፍት ቢላዋ ለወኪሉ ሰጥቷል። ፌስቡክ ከ13 ዓመት ልጆች ጀምሮ ለወጣቶች በወር እስከ 20 ዶላር እየከፈለ ይህንኑ ያስጭን እንደነበረ በጥር 2019 እ.ኤ.አ. ተጋልጧል። በቴሌብርም ሆነ በባንክ መተግበሪያ ገንዘብ ሲላክ ባለቤቱ የማይታወቅ ወኪልን አስቀድሞ መዝጋት። ለሥራ ወኪል የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ገቢው ከየት እንደሆነ በግልጽ የሚታወቅ፣ ክፍያ የሚጠይቅ ወይም አሠራሩ ለባለሙያ ክፍት የሆነ ይምረጥ።

የኅብረት ሱቁንም ነገር ቢሆን ፈጽሞ የሞተ አድርገን አንተወው። ምስጠራ የዘጋው በመንገድ ላይ የሚያልፈውን ገጽ ቅጂ ማስቀመጥን እንጂ፣ አስቀድሞ የተሰበሰበ ዕውቀትን በቅርብ ማኖርን አይደለም። ኪዊክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዊኪፔዲያንና የመማሪያ መጻሕፍትን በሙሉ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ አስቀምጦ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ያስችላል፤ የአማርኛውም ዊኪፔዲያ በዚህ መልክ ይገኛል። በአንድ የቀበሌ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያገለገለ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ የዋይፋይ መሣሪያ ቢቀመጥ፣ በዙሪያው ያለ ተማሪ ሁሉ ዳታ ሳይገዛ፣ ወኪል ሳይለምን ያነባል። ኮምፒዩተሩን ከማኅበሩ መዋጮ መግዛት ካልተቻለ፣ በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ውስጥ አቧራ ጠጥተው የተደረደሩትን መጠየቅ ይቻላል።